በቮልስ ወደ ጨንቻ

አንባቢ ሆይ፣ አርባ ምንጭ ሲደርሱ ሴቻ ላይ ቆመው ቁልቁል ይመልከቱ፤ አባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ ተጋድሞ ይታያል። ከዚያ ወደ ዶርዜና ጨንቻ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ሙቀቱ ይቀርና ጉም ይቀበልዎታል። በአሮጌ ቮልስ የሚወጡ ከሆነ ግን አስቀድመው የጎማዎን ቡሎን ይዩ።

የቮልስ ጎማ በዳዶ አይታሰርም፤ ቡሎኑ የሚጠልቀው ከታምቡሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ ጎማ ቢተነፍስ በአንድ እጅ ቸርኬውን ደግፎ በሌላው ቀዳዳ ለቀዳዳ ማገናኘት ግድ ይሆናል (በዝናብ የሞከረው ያውቀዋል)። በተፈታ ቁጥርም የሚያልቀው የታምቡሩ ጥርስ ነው። ታምቡሩ ላይ ተተክሎ የሚቀር፣ ዳዶ የሚቀበል ቡሎን ቢያስገቡ ግን ጎማው ይንጠለጠልልዎታል፤ ቢያልቅም የሚለወጠው እርሱና ዳዶው ነው።

ሲገዙ፣ አምስት ቡሎን ላለው የድሮው ቮልስ 12፣ አራት ላለው 14 ሚሊሜትር ይጠይቁ፤ ከጥርስ እስከ ጥርስ ሁለቱም 1.5 ሚሊሜትር ነው። የረዘመው ወደ ውስጥ ዘልቆ ፍሬኑን ይነካል፤ ያጠረው ዳዶውን በሙሉ አይዝም። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ዳዶው ነው። የፋብሪካው ቸርኬ መቀመጫ እንደ ኳስ የከበበ ስለሆነ፣ ሾጣጣ ዳዶ የጠበቀ መስሎ ይላላል፤ ይህንንም የሚያውቁት ከጨንቻ ሲወርዱ ነው። ዶርዜ ሲደርሱ፣ ከቡናው በፊት፣ መፍቻዎን አውጥተው ደግመው ያጥብቁ።