ከልጄ ጋር በእግር ወደ ጮቄ

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጎሐ ጽዮን ላይ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን እስኪወጣ ድረስ በአውቶቡሱ ውስጥ ብዙ የሚያወራ ሰው የለም። ደጀን ላይ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ጨዋታው ይመለሳል።

ደብረ ማርቆስ የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነበር። በ1873 ዓ.ም. የነገሡት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻቸው አደረጓት፤ ከተማዋም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ተጠራች። ዛሬ ከተማዋን ከሚያሟሙቋት አንዱ ዩኒቨርሲቲው ነው። ልጄ እዚያ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ባለፈው ታኅሣሥ ከአራት የክፍል ጓደኞቿ ጋር ቅዳሜና እሑድን በእግር ወደ ጮቄ ለመሄድ አሰበች። እናቷ «አባትሽ አብሮሽ ከሄደ እሺ» ስላለች፣ እኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቴን ይዤ ተከተልኋቸው።

ሐሳቡን ያመጣላቸው በስልክ ያዩት የኢጣሊያ ፎቶ ነው። ቺንኩዌ ቴሬ የሚባሉ አምስት መንደሮች ባሕር ዳር ገደል ላይ ተደርድረዋል፤ እንግዳ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ ይጓዛል። ገበሬዎቹ ቁልቁለቱን በድንጋይ ካብ ከልለው ወይን ያለሙበታል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ልጆቹ «የእኛ አገር ሰውስ ከመንደር መንደር በእግሩ አይደል የሚሄድ?» ተባባሉና ተነሡ።

እውነታቸውን ነው። ጎጃም ውስጥ ተማሪ በእግሩ መጓዝ የጀመረው ዛሬ አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ደርቦ፣ ውሻ በዱላ እየተከላከለ ቅኔ ፍለጋ ከደብር ደብር ይዞር ነበር። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. እዚሁ ደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው፤ በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ተምረዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ በዛብህን ያስታውሳል።

ቅዳሜ ማለዳ በሚኒባስ የስናን ወረዳ ከተማ ወደሆነችው ሮብ ገበያ ሄድን፤ ከዚያ በኋላ በእግር። ወቅቱ የአጨዳና የውቂያ ነበር። በየአውድማው በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ገለባው በነፋስ ይበተናል። አረንጓዴ ቁምጣ የለበሱ፣ ጋቢያቸውን ያጣፉ ገበሬዎች ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጋድመው ያልፉናል። አንዱም ሰላምታ ሳይሰጥ አላለፈም። ከፍ እያልን ስንሄድ ጤፍ ቀረ፤ ገብስ፣ እንግዶና ድንች ተተኩ። ልጆቹ እየቀደሙ፣ እየቆሙ ጠበቁኝ። ልጄ ቦርሳዬን ተቀብላ ስትይዝልኝ፣ አንደኛ ክፍል የገባች ቀን ቦርሳዋን የያዝሁላት ትዝ አለኝ።

ከጓደኞቿ አንዱ የዚያው አገር ልጅ ስለሆነ ማደሪያችን የእሱ ወላጆች ቤት ነበር። አባትየው ከበር ወጥተው «ኧረ ግቡ እንጅ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው» አሉን። ታናሽ ልጃቸው ሞቅ ያለ ውኃ አምጥታ እግራችንን አጠበችን። ድንች ቅቅል፣ የገብስ እንጀራና እርጎ ቀረበ። ሌሊቱን መደብ ላይ ደበሎ ተነጥፎልን፣ ጋቢ ደርበን አደርን። ብርዱ ግን ጋቢውን አልፎ ይገባ ነበር።

ከመተኛታችን በፊት ከአባትየው ጋር ምድጃ ዳር ቁጭ ብለን ተጨዋወትን። አምስት ልጆች አሏቸው። መሬታቸው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ይዞት ይወርዳል።

«አባቴ ያወረሰኝ መሬት ለእኔም አልበቃ። እኔ ለአምስት ብከፍለው ለአንዱም አይሆን። ስለዚህ ለልጆቼ የማወርሰው ደብተር ነው» አሉኝ።

«ተምረው ከተማ ቢቀሩስ?» አልኋቸው።

እሳቱን ቆሰቆሱና ጥቂት ዝም አሉ። «ይቅሩ። እናታቸው ግን በየበዓሉ መንገድ መንገዱን ታያለች» አሉኝ። ልጃቸው አጠገባችን ተቀምጦ አንገቱን ደፋ። የእኔም ልጅ ስልኳን አስቀምጣ ታዳምጥ ነበር።

እሑድ ማለዳ ልጁ እየመራን ወደ ላይ ወጣን። የጮቄ ከፍተኛው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ እኛ ግን ጫፉን አላሰብንም። ጅብራው ከቆመበት ዳገት ደርሰን አረፍን። ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ያድግና በዕድሜው አንድ ጊዜ ረጅም አበባ አውጥቶ ይደርቃል። ከሥሩ ምንጭ ይንፎለፎላል። በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈው ጨሞጋ ከዚህ ተራራ የሚነሣ ነው፤ ሙጋና ጀደብም እንዲሁ። ሁሉም መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ልጁ እርሻው ወደ ላይ እየገፋ ሳሩን እንደበላው በእጁ አሳየን። «የምማረው ስለ አፈርና ውኃ ጥበቃ ነው፤ ስጨርስ የአባቴን ማሳ ነው መጀመሪያ እርከን የምሠራው» አለ። አባቱ ይህን ቢሰሙ ብዬ ተመኘሁ፤ ስንመለስም እኔው ነገርኋቸው። «እስቲ ያድርግልን» ብለው ወደ ማሳቸው አሻግረው አዩ።

ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ጉዞ ሲያስቡ አብራችሁ ብትሄዱ መልካም ነው፤ ካልቻላችሁም እንዲህ አድርጉ። የአገሩን ልጅ ወይም መንገድ የሚያውቅ ሰው ይያዙ፣ ማደሪያቸውን አስቀድመው ይንገሩ፣ ለሌሊቱ ጋቢና ወፍራም ካልሲ፣ ለቀኑ ውኃ፣ ኮፍያና በሶ አይርሱ። ጀማሪ እግር አዲስ ጫማ አይችልምና የለመዱትን ይጫሙ። ለሚያሳድራቸው ቤት ስኳር ወይም ቡና ይያዙ። ደጋ ላይ ትንፋሽ ስለሚያጥር ቀስ ይበሉ። ራስ ምታት የጠናበት ሰው ካለ ወደ ታች ይውረድ እንጂ «እንድረስ» አይባል።

የዚያ ቤት እናት ስንሰናበት ለልጃቸው ብቻ ሳይሆን ለአምስቱም ተማሪዎች እኩል በሶ ቋጥረው ሰጡ። «ሁላችሁም የሰው ልጅ ናችሁ፤ ዶርም ገብታችሁ ተካፈሉት» አሏቸው።