በገበያ የማይገዛው ዕቃ

አዲስ ሱቅ በሚከፈትበት ቀን የሚጎዘጎዘውን ቄጠማና የሚፈላውን ቡና ሁላችንም እናያለን። ያው ሱቅ ከዓመት በኋላ ተዘግቶ፥ በበሩ ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ሲለጠፍበት ግን ልብ ብሎ የሚመለከተው ጥቂት ነው። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ንግድ የማስተምር ወጣት መምህር ነኝና፥ ዐይኔ ዘወትር የሚያርፈው በዚያች ወረቀት ላይ ነው።

ተማሪዎቼ «ነጋዴ እንዴት አድርጎ ያተርፋል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። ዛሬ ማትረፍ የሚችል ሰው ብዙ ነው። ሙሉው ጥያቄ «ትርፉን ሌላው ካየ በኋላ፥ ነጋዴው እንዴት ትርፉን ይዞ ይቆያል?» የሚለው ነው። ትርፍ የሚሸሸግ ነገር አይደለምና። ማር ባለበት ንብ ብቻ ሳይሆን ዝንብም ይመጣል። አንዱ ሲያተርፍ ጎረቤቱ ያያል፤ ያየውንም ይቀዳል፤ ሁለቱ ዋጋ ሲቀናነሱ ሦስተኛው ይመጣል፤ በመጨረሻም ለሁሉም የሚተርፈው የቤት ኪራይ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ ነጋዴ የሚይዛቸው ዕቃዎች ሁለት ዐይነት ናቸው እላቸዋለሁ። አንደኛው ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ ነገ ጧት ወጥቶ የሚገዛው ነው፤ መደርደሪያ፥ መኪና፥ ማቀዝቀዣ፥ ማስታወቂያ። ሁለተኛው ግን የትም ገበያ ቢዞሩ የማይገዛ ነው፤ በብዙ ዓመት የተማሩት ሙያ፥ የደንበኛ እምነት፥ እርስ በርሱ የተያያዘ የሥራ ልማድ። ንግድን የሚያስጀምረው የመጀመሪያው ነው፤ የሚያቆየው ግን ሁለተኛው ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገውም በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። በእጁ የነበሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ አምስት ማመላለሻ አይሮፕላኖች ነበሩ። ጦርነቱ አልቆ ስለ ነበር እንዲህ ያለው አይሮፕላን በየአገሩ ይሸጥ ነበር፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛው ነበር። እንግዲህ ብልጫው በአይሮፕላኑ አልነበረም ማለት ነው።

ብልጫው የተጀመረው በውሉ ላይ ነው። መንግሥት ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋራ ተዋውሎ አብራሪውንም፥ መካኒኩንም፥ ሥራ አስኪያጁንም ከዚያ አመጣ። ይሁን እንጂ የውጭው ሰው ሥራውን እየሠራ ኢትዮጵያዊውን እንዲያሠለጥን፥ በመጨረሻም እንዲያስረክብ ታስቦ ነበር። ይህ በአንድ ጀንበር የተፈጸመ አይደለም። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የተሾሙት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ነው፤ ይህም ድርጅቱ ከተመሠረተ ከ25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት ሙሉ መማር ማለት ለሚቸኩል ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ነገር ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረታችን ለከንቱ የተነገረ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ የራሱን አብራሪዎች፥ የራሱን ቴክኒሺያኖችና አስተናጋጆች በራሱ ትምህርት ቤት ያሠለጥናል፤ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡትንም ያስተምራል። አይሮፕላኖቹን በአብዛኛው የሚጠግነው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ የሌሎችንም በዋጋ ይጠግናል። አይሮፕላኑ በተበላሸ ቁጥር ወደ ውጭ አገር የሚልክ ድርጅት በውጭ ምንዛሪ ከመክፈሉ ሌላ፥ አይሮፕላኑ ቆሞ በዋለበት ቀን ሁሉ ገቢውን ያጣል።

ቀጥሎ የምድሩን አቀማመጥ እንመልከት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የሞተሩም ኀይል የክንፉም ማንሣት ይቀንሳል፤ አይሮፕላኑም ወይ ረዥም ሜዳ ይፈልጋል፥ ወይ ጭነቱን ይቀንሳል። ይህ በመጀመሪያ እይታ ጉዳት ይመስላል። ነገር ግን ድርጅቱ ለዚህ ከፍታ የሚስማማውን አይሮፕላን መርጦ መግዛትን ገና በጥንቱ ተማረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1962 መጨረሻ ቦይንግ 720ቢ የተባሉትን ጄቶች ሲያስመጣ፥ የልደታ ሜዳ ለጄት አጭር በመሆኑ የቦሌ ጣቢያ ተሠራ።

ከተማዋ ደግሞ በአንድ ወገን ለምዕራብና ለደቡብ አፍሪካ፥ በሌላው ወገን ለዓረብ አገሮች፥ ለሕንድና ለሩቅ ምሥራቅ መገናኛ ልትሆን ትችላለች። እዚህ ላይ በጥቁር ሰሌዳ የምሠራትን ትንሽ ሒሳብ ላሳያችሁ። ከምዕራብ ዐሥር ከተሞች፥ ከምሥራቅ ዐሥር ከተሞች አሉ እንበል። ከእያንዳንዱ ወደ እያንዳንዱ በቀጥታ ለመብረር 100 መሥመር ያስፈልጋል፤ በብዙዎቹም ላይ አይሮፕላኑን የሚሞላ መንገደኛ አይገኝም። ሁሉም በአንድ ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ደርሰው መንገደኛ ቢለዋወጡ ግን 20 መሥመር ብቻ 100ውን ጥንድ ያገናኛል። ከአክራ ወደ ጓንግዡ የሚሄደው ነጋዴ፥ ከሉሳካ ወደ ዱባይ ከሚሄደው ጋራ በቦሌ የሚገናኘው በዚህ ዘዴ ነው።

ይህን መረብ ለመዘርጋት ደግሞ ቀድሞ መጀመር ያስፈልጋል። አየር መንገዱ ወደ ቻይና መብረር የጀመረው በ1966 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የአፍሪካና የቻይና ንግድ ዛሬ ከምናየው ጋራ ሲነጻጸር ጥቂት ነበር። ንግዱ በሰፋ ጊዜ ግን መንገዱን የሚያውቅ፥ በዚያ አገር የታወቀ ድርጅት ቀድሞ ቆሞ ተገኘ። በደርግ ዘመንም የአገሪቱ ፖለቲካ ወደ ሶቭየት ኅብረት ባዘነበለበት ጊዜ፥ ድርጅቱ ለሥራው የሚስማማውን የአሜሪካ ቦይንግ መግዛቱን አልተወም። በግንቦት 1976 ዓ.ም. አዲሱን ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ ሳያርፍ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ አብርሮ አዲስ አበባ አስገባ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ቦይንግ 787ን፥ በ2008 ዓ.ም. ኤርባስ ኤ350ን ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ ተረከበ።

አንባቢ ሆይ፥ «ይህ ሁሉ መንግሥት ከጀርባው ስላለ ነው» ትለኝ ይሆናል። መንግሥት ከጀርባው መኖሩ እውነት ነው፤ ለአንድ ባለ ሱቅ የማይገኝ ጥቅም ነው። ነገር ግን እስቲ ወደ ጎረቤቶቻችን እንመልከት። ኤር አፍሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ሲቋቋም ከኋላው የቆመው አንድ መንግሥት ብቻ አልነበረም፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆኑ 11 መንግሥታት ነበሩ። በ2002 ከስሮ ተዘጋ። የናይጄሪያ አየር መንገድም ከኋላው ነዳጅ ያላት ሰፊ አገር ነበረችው፤ እርሱም በ2003 ተዘጋ። ሁለቱም እንደ እኛው ከታወቁ ፋብሪካዎች የተሠሩ አይሮፕላኖች ነበሯቸው። እንግዲህ የመንግሥት ድጋፍም ሆነ አይሮፕላን ብቻውን አያቆይም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የአስተማሪው ዕጣ ነው። ቲ.ደብሊው.ኤ. በዘመኑ ስሙ በዓለም የገነነ ድርጅት ነበር። በኋላ ግን ዕዳ ተጭኖት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ወደ ሎንዶን የሚበርባቸውን ዋና ዋና መሥመሮቹን ለተወዳዳሪው ለአሜሪካን አየር መንገድ ሸጠ። ለጊዜው ገንዘብ አገኘ፤ የሸጠው ግን በሌላ ገንዘብ መልሶ ሊገዛው የማይችለውን ነበር። በ2001 ስሙ ራሱ ከሰማይ ጠፋ። ተማሪው ግን እስከ ዛሬ ይበራል። መምህር እንደ መሆኔ ይህን ሳስብ አዝናለሁም፥ እኮራለሁም።

ማይክል ፖርተር የተባሉት የሀርቫርድ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ባወጡት ጽሑፍ የሚያስረዱት ይህንኑ ነው። ተወዳዳሪ አንዱን ሥራህን ሊቀዳ ይችላል፤ እርስ በርስ የተያያዙትን ሥራዎችህን ሁሉ በአንድነት መቅዳት ግን ይከብደዋል። ትምህርት ቤቱ ለጥገናው ሰው ይሰጣል፤ ጥገናው አይሮፕላኑ በሰዓቱ እንዲነሣ ያደርጋል፤ ሰዓቱ መንገደኛውን በቦሌ ያገናኛል፤ የተገናኘው መንገደኛም ለትምህርት ቤቱ የሚሆነውን ገንዘብ ያመጣል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መንገደኛውን በከለከለ ጊዜ፥ ድርጅቱ የአንዳንድ አይሮፕላኖቹን ወንበር ነቅሎ ዕቃ ጫነባቸው። ይህን ፈጥኖ ማድረግ የቻለው የሚነቅሉት እጆች የራሱ ስለ ነበሩ ነው።

«ይህ ለታላቅ ድርጅት ነው፤ ለእኛ ለደመወዝተኞቹ ምን ይረባናል?» ለሚለኝ፥ የአንድ ባልንጀራዬን ነገር ላጫውተው።

ይህ ባልንጀራዬ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። እናቱንና በትምህርት ላይ ያለች እኅቱን የሚረዳው እርሱ ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት ዓመት ሙሉ የጣለው እቁብ ወጣለትና፥ አንድ ማታ መጥቶ «ጭማቂ ቤት ልከፍት ነው» አለኝ። በሰፈራችን አንድ ጭማቂ ቤት ተከፍቶ ስፕሪስ የሚጠጣው ሰው በር ላይ ተሰልፎ ይታይ ነበር።

«የአንተው ጭማቂ ከዚያኛው በምን ይለያል?» አልሁት።

«ወንበሩን አሳምራለሁ፤ በአንድ ብርጭቆም ጥቂት ብር እቀንሳለሁ» አለኝ።

«ወንበርማ እርሱም ይገዛል፤ ዋጋም እርሱም ይቀንሳል። አንተ ዘንድ ያለ፥ እርሱ ሊገዛው የማይችል ነገር ምንድን ነው?»

ዝም አለ። ከዚያ ቆይቶ፥ እንደ ማፈር ብሎ፥ «እኔ ከአባቴ የተማርሁት የልብስ ስፌት መኪና መጠገን ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ዲግሪ ያለው ሰው ሥራ አይደለም» አለኝ። አባቱ እስኪሞቱ ድረስ የሰፈሩን ልብስ ሰፊዎች መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ነበሩ። እናቱም «ልጄ ተምሮ ጣቱ ዘይት አይነካም» ይሉ ነበርና፥ እርሳቸውን ማሳመን ቀላል አልነበረም። ብዙ ማታ ተከራከርን። በዚያው ሰሞን በዚያችው መንገድ ላይ ሌሎች ሦስት ጭማቂ ቤቶች ተከፈቱ። ከአራቱ ዛሬ ያለው አንዱ ብቻ ነው።

ባልንጀራዬ በመጨረሻ ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ የበረንዳ ጥግ ተከራይቶ፥ ቅዳሜና እሑድ መጠገን ጀመረ። ከእቁቡም ጥቂቱን ብቻ ለመለዋወጫ አውጥቶ ሌላውን በባንክ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሠራውን እኔም አላሰብሁትም ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ልማድ ወደ በረንዳው አምጥቶ ለእያንዳንዱ መኪና መዝገብ ከፈተለት፤ የማን እንደ ሆነ፥ ምን እንደ ተበላሸ፥ ምን እንደ ተለወጠለት፥ ቀኑን ጨምሮ ይጽፋል። መዝገቡን አገላብጦም፥ ከእንቁጣጣሽ፥ ከገናና ከፋሲካ አንድ ወር አስቀድሞ ወደየሰፊዎቹ ይሄድና፥ «የእርስዎ መኪና ቀበቶው ሊበጠስ ነው፤ ሥራ ሳይበዛ ልለውጥልዎ» ይላቸዋል። ለልብስ ሰፊ የበዓል ሳምንት መኪና ቆመበት ማለት የዓመት ገቢው ተጎዳ ማለት ነውና፥ ይህን የሚያደርግለትን ሰው አይለቅም።

በቅርቡ ሌላ ጠጋኝ ከአጠገቡ ተከፈተ፤ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። እስከ አሁን የሄደበት ደንበኛ ሁለት ብቻ ነው። አዲሱ ሰው መፍቻውን ሊገዛ ይችላል፤ መለዋወጫውን ሊገዛ ይችላል፤ የአባትየውን ስም፥ የልጅየውን መዝገብና የሰፊዎቹን እምነት ግን የሚሸጥለት ገበያ የለም። ባልንጀራዬ ሀብታም አልሆነም፤ መሥሪያ ቤቱንም አልለቀቀም። የእኅቱ የትምህርት ወጪ ግን በሰዓቱ ይከፈላል፤ እናቱም ዘይት የነካውን እጁን ሲያዩ ሳሙና ያቀርቡለታል እንጂ አይቆጡም።

እንግዲህ ንግድ ለመጀመር የምታስቡ ወጣቶች፥ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ራሳችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ። ጎረቤቴ ነገ ሊገዛው የማይችለው ምን አለኝ? ያለኝስ ከሌላው ሥራዬ ጋራ ተያይዞ ያንኑ ያጠነክረዋልን? ይህን ለማሳደግ ስል የምተወው ነገር የትኛው ነው? ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ሁሉን የሚሸጥ ሱቅ በምንም አይታወስምና። ለሦስቱም መልስ ያላገኘ ሰው ጥቂት ይቈይ፤ ሙያ ይማር፤ ስም ያፍራ። የእቁብ ብር በባንክ ቢቀመጥ ዋጋው ጥቂት ይቀንስ ይሆናል፤ ባልታሰበበት ሱቅ ውስጥ ግን ከነኪራዩ ያልቃል።