አዲስ ዊንዶውስ፣ የቆየ ማሲንቆ

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ተረት ስለ ኮምፒውተር የተነገረ ባይሆንም፣ በኮምፒውተር ሙዚቃ ለሚያቀናብር ሰው ግን ከየትኛውም መመሪያ የተሻለ ምክር ነው። ማሽኑ ይነሳል? ሳውንድ ካርዱ ይታያል? ኪቦርዱ ሲነካ ድምፁ ሳይዘገይ ይመጣል? እንግዲያው ምን ቆርጦህ ነው የምትነካካው! አዲስ ዊንዶውስ መጣ፣ አዲስ ማክ ወጣ እያለ የሚያስጎመጅ ጓደኛ፣ ነገ ማሽኑ ድምፁን ሲያጠፋ አብሮህ አያመሽም።

እኛም በዚህ እምነት ዓመታት ኖረናል። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ግን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። በማግስቱ ኮምፒውተራችን አልሞተም፤ እንደ ወትሮው ተነሳ፣ እንደ ወትሮው ሠራ። የቀረበት በየወሩ ይመጣለት የነበረው የደኅንነት ጥገና ነው። ለግለሰብ ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚደርስ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ተፈቅዷል። ማራዘሚያ ግን ያው ማራዘሚያ ነው፤ ዕዳ አይሰርዝም።

«ከኢንተርኔት ነጥላችሁ አስቀምጡት» ያሉንም ነበሩ። ጥሩ ምክር ነው። ችግሩ፣ የእኛ ኮምፒውተር የሰፈሩ ፍላሽ ሁሉ የሚሰካበት ነው። ዘፋኙ ድምፁን በቴሌግራም ይልካል፣ ክሊፕ ሠሪው «ያለቀውን አሁኑኑ ላኩልኝ» ይላል፣ ሠርግ ያለበት ሰው ደግሞ ሌሊት ይደውላል። እንዲህ ያለ ማሽን ያለ ጥገና ማስቀመጥ በር የሌለው ሱቅ ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። ስለዚህ ቸገረ፤ ጤፉን መበደር ግድ ሆነ።

ሦስት ከተማ፣ አንድ ሃርድ ዲስክ

«እኛ» ስንል አራት ጓደኛሞች ነን። አንዳችን ሰበታ፣ አንዳችን ቡራዩ፣ ሁለታችን ሱሉልታ እንኖራለን። ለምን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ደህና ስቱዲዮ አልከፈታችሁም የሚል ሰው ካለ፣ ኪራይ ከፍሎ እንደማያውቅ እንገምታለን። በዚያ ላይ ስቱዲዮ ጎረቤት የማይበዛበት ቤት ይፈልጋል፤ ከበሮ በሌሊት ሲመታ የማይቆጣ አከራይ ደግሞ የሚገኘው ከተማው ሲያልቅ ነው።

ሰበታ በጅማ መንገድ ነው፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ። ሰበታ ያለው ክፍል ግድግዳው ስፖንጅና ብርድ ልብስ የለበሰ ስለሆነ ድምፅ የምንቀዳው እዚያ ነው። ትልቁ ኮምፒውተር ያለው ቡራዩ ነው። ሱሉልታ ላይ ሚክስ እናደርጋለን፤ ብርዱ ለማሽን እንጂ ለዘፋኝ ጉሮሮ አይመችማ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ተጠቃለው «ሸገር ከተማ» በሚል በአንድ አስተዳደር ሥር ገብተዋል። በወረቀት አንድ ከተማ ሆነናል። ሃርድ ዲስካችን ግን ዛሬም ከአየር ጤና ወደ አሸዋ ሜዳ፣ ከአሸዋ ሜዳ ወደ አዲሱ ገበያ ታክሲ እየቀያየረ ነው የሚኖረው።

የመግቢያ ፈተና

ዊንዶውስ 11 እንደ ቀድሞዎቹ ሁሉንም «ግቡ» አይልም። ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ኢንቴል ለሆነ ማሽን ደግሞ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው የሚቀበለው። በቴሌግራም «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባለ በሚሸጠው ማሽን ለሚሠራ አገር ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። የቡራዩው ማሽን አለፈ። የሰበታው ላፕቶፕ ስድስተኛ ትውልድ ነውና ወደቀ።

ፈተናውን የሚያዘልል ዘዴ እንዳለ እናውቃለን። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ራሱ የማይመክረውን መንገድ እንጀራ በሚበላበት ማሽን ላይ መሞከር አልፈለግንም። አዲስ እንግዛ እንዳንል ደግሞ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የላፕቶፕ ዋጋ ሲነገረን ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ነው የምናስደግመው። ተስማማን፦ ቡራዩ ወደ 11 ይሄዳል፤ ሰበታ በ10 ላይ ይቀራል፣ ከኢንተርኔት ይነጠላል፣ ድምፅ ከመቅዳት ሌላ ሥራ አይኖረውም።

ወረቀቱና ወጡ

የኮምፒውተር ቤት ልጆች ለሁሉም በሽታ መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ!» ለጽሑፍና ለፎቶ ይሠራ ይሆናል። ሙዚቃ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለምን እንደሆነ እንዲህ ብናስረዳው ይሻላል። የቅንብር ፋይል ዶሮ ወጥ አይደለም፤ የዶሮ ወጥ አሠራር የተጻፈበት ወረቀት ነው። «በርበሬውን ከዚህ ሱቅ አምጣ፣ ቅቤውን ከዚያ፣ ሽንኩርቱን ይህን ያህል አቁላላ» ይላል። ሱቁ ከተዘጋ ወረቀቱ አያበላም። ኤፍ ኤል ስቱዲዮም ይሁን ኪውቤዝ ላይ ሴቭ ያደረግነው ሥራ፣ ቤዙን ከአንዱ ፕለጊን፣ የድምፁን ማስተጋቢያ ከሌላው እያስመጣ ነው የሚጫወተው። ከመካከላቸው አንዱ በአዲሱ ሲስተም ላይ አልነሳም ካለ፣ ዘፈኑ እግሩን ታጥፎ ይቀመጣል።

ይህ ደግሞ የዊንዶውስ ብቻ ጣጣ አይደለም። ኪውቤዝ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ዘጠነኛ ዕትሙ ባለ 32 ቢት ፕለጊኖችን መቀበል አቆመ። አፕል በ2019 ካታሊናን ሲያወጣ 32 ቢት የሆነውን ፕሮግራም ሁሉ ከነጭራሹ አሰናበተ። በየጊዜው አንድ ሱቅ ይዘጋል።

እኛ ሰፈር ላይ ሌላም ጉድ አለ፤ ክራክ። የብር ካርዳችን ውጭ አገር ድረ ገጽ ላይ ለመክፈል ብዙም አይረዳ፣ ዋጋውም በዶላር፤ ስለዚህ የከተማው ፕለጊን ግማሹ በክራክ ነው የሚኖረው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን የዘፈንን የቅጂ መብት በሚጠብቅበት እጁ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ካሴታችን ተገለበጠ፣ ሲዲያችን ተባዛ ብለን ስናለቅስ የኖርን ሰዎች፣ ልቅሶውን የምንቀዳው በተገለበጠ ፕሮግራም ነው! ሥነ ምግባሩን ለጊዜው ተዉትና ጥቅሙን ብቻ እንይ። ክራክ የተሰበረለት ለአንድ ዕትም ነው። ሲስተሙ ሲቀየር ወይ አይነሳም፣ ወይ የዊንዶውሱ ዘበኛ ቫይረስ ነው ብሎ ይውጠዋል። አቤት የሚባልበት ቦታም የለም። አሁን አሁን ሪፐርን የመሰለ፣ ለአነስተኛ ተጠቃሚ በ60 ዶላር የሚሸጥ፣ ከመግዛት በፊት ለ60 ቀን ሙሉ በሙሉ የሚሞከር ፕሮግራም አለ። ኤፍ ኤል ስቱዲዮም አንዴ ከተገዛ በኋላ የሚመጡትን ዕትሞች በነፃ ይሰጣል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ጫማ ከሚልክ ይህን ቢገዛልን ሳይሻል አይቀርም።

አራት እሑዶች

የዝግጅቱን ሥራ በአራት እሑዶች ጨረስነው። መጀመሪያ ዊንዶውሱ በራሱ ጊዜ ተነስቶ እንዳይታደስ ዝማኔውን ለአምስት ሳምንት አገድነው። ከዚያ የትኛው ዘፈን በየትኛው ፕለጊን እንደቆመ በደብተር ጻፍን፤ የየፕለጊኑን ገጽ በስልክ ፎቶ አነሳን። ከዚያ ዋናው መጣ፤ ወረቀቱን ወደ ወጥ መለወጥ። እያንዳንዱን ትራክ፣ ከበሮውን ለብቻ፣ ቤዙን ለብቻ፣ ክራሩን ለብቻ፣ ድምፁን አንዴ ከነማስተጋቢያው አንዴ ያለ ምንም፣ ሁሉንም ከዜሮ ሰከንድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ባለ 24 ቢት ዌቭ ፋይል አድርገን አወጣን። ሁሉም ከዜሮ ሲጀምር በየትኛውም ፕሮግራም ላይ ደርድረህ ስታጫውተው ይገጥማል። በፋይሉ ስም ላይ ቅኝቱንና ፍጥነቱን ጻፍን፤ «ባቲ 124»፣ «አምባሰል 96»። የኖታውን ሚዲ ለብቻ አስቀመጥን።

አሰልቺ ሥራ ነው፤ አንዳንዱን ስትከፍተው ግን ትቆማለህ። ፕሮግራሙ በራሱ ቁጥር ሰጥቶ ካስቀመጣቸው ፋይሎች መካከል የአንዲት ልጅ ድምፅ ወጣ። ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት ሰበታ መጥታ በትዝታ ቅኝት ሁለት አዝማች ዘፍና ነበር። ዘፈኑ አላለቀም። እሷም አልተመለሰችም።

ሁለተኛው የማሲንቆው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዛውንት ማሲንቆ ተጫዋች ሰበታው ክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀምጠው እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ሰጥተውናል፤ አጭር፣ ረጅም፣ የሚንቀጠቀጥ። «አባባ፣ ይህቺን ደግመው ይጫወቱልን» ባልን ቁጥር ሳይሰለቹ ደገሙልን። አሁን በሕይወት የሉም። ያን ድምፅ በፕለጊን ውስጥ ከኪቦርድ ቁልፎች ጋር አገናኝተን በስንት ዘፈን ተጠቅመንበታል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ፋይሉን ኮፒ አድርጎ መሄድ የማይበቃው እዚህ ነውና። የፒያኖ ቁልፍ አንዱን ኦክታቭ ለ12 እኩል ይከፍለዋል። የማሲንቆ ጣት ግን እኩል አይከፍልም፤ በተለይ አንቺ ሆዬ ላይ ድምፁ በሁለት ቁልፎች መሐል ሊያርፍ ይችላል። የእሳቸውን አንቺ ሆዬ ወደ ኪቦርዱ ስናስገባ ፕለጊኑ ወደ ፒያኖው እየጎተተ «ሲያርምብን»፣ እኛ አንድ በአንድ ወደ ጣታቸው ስንመልሰው ሰንብተናል። ይህ ሁሉ የተቀመጠው በፕለጊኑ ቅንብር ውስጥ እንጂ በድምፁ ፋይል ውስጥ አይደለም። ፕለጊኑ አልነሳም ቢል ድምፃቸው ይተርፋል፤ ቅኝታቸው ይሄዳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ የሚወጣውን ድምፅ ከነቅኝቱ እንደገና ቀድተን ተራ ዌቭ አደረግነው። አንድ ሙሉ እሑድ ወሰደ።

እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ «አምሃ ሬከርድስ»ን ሲያቋቁም ዘፈን የሚቀዳው በቴፕ ክር ነበር። ከስንት ዘመን በኋላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ በኩል ከ1990ዎቹ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ አልበም የዚያን ዘመን ሥራዎች መልሶ ለዓለም አሰማ። ሊያሰማ የቻለው በክሩና በሸክላው ላይ ያለው ነገር ራሱ ድምፁ ስለሆነ ነው። ማጫወቻ ካገኘህ ትሰማዋለህ፤ የይለፍ ቃል አይጠይቅህም። እኛ የዛሬ አሥር ዓመት የሠራነው ቢት ግን ከመከፈቱ በፊት አምስት ኩባንያ ያስፈቅዳል። ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆየው ክር አሥር ዓመት ያልሞላውን ፋይላችንን በዕድሜ ሊበልጠው ነው።

ሦስት ቦታ

ፋይል አዋቂዎች የሚመክሩት ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። በታክሲ የምንማረርበት ርቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመን። አንዱ ቅጂ ቡራዩ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ሰበታ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ሱሉልታ ሌላ ዲስክ ላይ። ሌባም ሆነ የውኃ ቧንቧ ሦስቱን ከተማ በአንድ ሌሊት አያዳርስም። ከዚያ የኮምፒውተሩን ሙሉ ምስል፣ ከነአሮጌው ዊንዶውሱ፣ ለብቻ ገለበጥን። የሳውንድ ካርዱን ድራይቨር አስቀድመን በፍላሽ አወረድን፤ ካርዱ ጠፍቶ ኢንተርኔትም ጠፍቶ መፈለግ እንዳይመጣ። ከ5 ጊጋ በላይ የሆነውን ዊንዶውስ በሌሊት ጥቅል አወረድነው።

የቀረው መብራት ነበር። ዝማኔ መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ምን እንደሚሆን ማንም መሞከር አይፈልግም። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሰው ምጣዱን ሳይሰካ፣ ዩፒኤሱን በተዋስነው ባትሪ አጠናክረን ጀመርን። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። አንዱ ፀጉሩን ሲያክ፣ ሌላው አምፖሉን ሲያይ፣ ሦስተኛው ቡና ሲያፈላ (በከሰል ነው፤ ሶኬት መንካት ተከልክሏል!) አለቀ።

ውጤቱ ይህ ነው። ሳውንድ ካርዱ አልታየም፤ ከፍላሹ ድራይቨር ስንጭን ታየ። ሁለት አሮጌ ፕለጊኖች አልነሱም። አንዱን ክራክ ዘበኛው ዋጠው። በርካታ ቅንብሮች «ይህ ጎደለ፣ ያ ጠፋ» እያሉ ተከፈቱ። ካልተስማማን በ10 ቀን ውስጥ ወደ ድሮው መመለስ ይቻል ነበር፤ አላስፈለገንም። ዌቮቹ በሙሉ ሠሩ። የአባባን ማሲንቆ ከፈትን፤ አንቺ ሆዬው የእሳቸው አንቺ ሆዬ ነው፣ በሁለቱ ቁልፎች መሐል እንደተቀመጠ።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባላል። ስለዚህ በየሰፈሩ ቢት የምትሠሩ ልጆች፣ ዝማኔ እስኪመጣ አትጠብቁ። ዘፈን ባለቀ ቁጥር ትራክ ትራኩን አውጡ፣ ስም ስጡት፣ ለጓደኛ ስጡ። በተለይ ከሰው ጣትና ጉሮሮ የቀዳችሁትን። ፕለጊን ይወርዳል፤ ሰው አይወርድም።

ለዚያች ልጅ ሁለቱን አዝማች ያለ ምንም ማስተጋቢያ፣ እንደተቀዳ፣ በቴሌግራም ላክንላት። በስልኳ ሰማችው። ሦስተኛውን አዝማች እዚያው ባለችበት በስልኳ ቀድታ እንደምትልክልን ነግራናለች፤ ፍጥነቱን ስትጠይቀን ፋይሉ ስም ላይ እንዳለ ነገርናት።