የማህፀን ጆሮ

«ሲስተር፣ በማርያም ይዤሻለሁ! የሚያፋጥነውን መርፌ ውጊያትና ትገላገል!»

ጎንደር ውስጥ በማዋለጃ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ልመና ከስንት አማትና ከስንት ባል እንደሰማሁ ቁጥሩን እንጃ። ከጃናሞራ፣ ከደባርቅ ወገን ነፍሰ ጡር በቃሬዛ፣ ከዚያም በመኪና ይዘው የደረሱ ሰዎች ቢቸኩሉ አይፈረድባቸውም። ግን መርፌው የሚሠራው ማህፀኑ ሲሰማው ነው።

መርፌው ኦክሲቶሲን ይባላል። አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ በቤተ ሙከራ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1955 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል፤ የእናት አንጎል ግን ድሮም ይሠራዋል። ሆርሞን በደም የሚላክ መልእክት ነው። መልእክቱን የሚቀበሉ ጥቃቅን ተቀባዮች ደግሞ በማህፀን ጡንቻ ላይ አሉ። እኔ ለተለማማጆች «ጆሮ» እላቸው ነበር። በእርግዝና መጀመሪያ ጆሮዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ማህፀኑን ዝም ያሰኘዋል። ወሯ ሲገባ በኤስትሮጅን ኃይል ጆሮዎቹ በብዙ እጥፍ ይበዛሉ። በደሟ ያለው ኦክሲቶሲን ያን ያህል ሳይጨምር ማህፀኑ በትንሹ ይነቃል።

በግ ልትወልድ ስትል ፕሮጄስትሮን ከደሟ ይቀንሳል። በሰው ግን እንግዴ ልጁ እስኪወጣ ሞልቶ ይቆያል። የሚለወጠው የማህፀኑ ተቀባይ ነው፤ ሆርሞኑ እየተናገረ ማህፀኑ አልሰማም ይላል። (በትዳር ብዙ ዓመት የቆየን ሰዎች ይገባናል።)

እንግዲህ ጆሮ ላላወጣ ማህፀን መርፌው ብዙም አይፈይድም። ጆሮ ላወጣው ደግሞ ያለ ልክ ከተሰጠ ምጡ ፋታ ያጣል፣ ጽንሱ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ማህፀን እስከ መቀደድ ይደርሳል፤ በተለይ ቀድሞ በኦፕራሲዮን በወለደች ሴት። ስለዚህ ምጥ ለማገዝ የሚሰጠው በጉሉኮስ ጠብ ጠብ እያለ፣ የልጁ የልብ ምት እየተቆጠረ፣ ኦፕራሲዮን በሚሠራበት ቦታ ነው። ልጁ ሳይወለድ በጡንቻ አይወጋም፤ ማንም ቢለምን።

ደግሞ ለረጅም ሰዓት ሲንጠባጠብበት የቆየ ማህፀን ጆሮው ይደነዝዛል። ልጁ ከወጣ በኋላ ጠበቅ ብሎ ደሙን መዝጋት ሲገባው ይለግማል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ዋነኞቹ አንዱ ነው።

የሚገርመው፣ መርፌው በእርግጥ በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚጠይቅ የለም። ልጁ እንደተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት በጭን ጡንቻ ለእያንዳንዷ እናት ይሰጣል። ቤተሰቡ ግን እልልታው ላይ ነው፤ «ተገላግላ የለ፣ አሁን ደግሞ የምን መርፌ?» ይላሉ። አማቶች ሆይ፣ መለመን ያኔ ነው! ሕፃኑንም ወዲያው ጡት አስይዙት፤ ሲጠባ የእናቲቱ የራሷ ኦክሲቶሲን ይፈስሳል። ገንፎው ትንሽ ይቆይ።

መንገዱ ለሚርቅባት ደግሞ ወሯ ሲገባ ጤና ጣቢያ ካለው የእናቶች ማቆያ ገብታ ምጧን እዚያው መጠበቅ ይሻላታል። በቃሬዛ ከመሮጥም፣ መርፌ ከመለመንም ያሳርፋል።