ኢንስትራክሽኑን ያላነበበው ቲቸር

ይህን ነገር ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ወራት አለፉኝ። ያስተማርኳችሁ ልጆች ብዙዎቻችሁ እዚህ አላችሁ፤ አስተማሪ ገመናውን አደባባይ ሲያወጣ ደግሞ ደስ አይልም። ግን ባለፈው ቅዳሜ አንድ ባልደረባዬ ከውጭ የተላከለትን ብልቃጥ ከኪሱ አውጥቶ «ቫይታሚን ነው፣ ለድብርት ጥሩ ነው ብለው ላኩልኝ» ሲለኝ በሌላው እጁ ቢራ ይዞ ነበር። ያኔ መጻፍ እንዳለብኝ ገባኝ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። አባቴ ያረፈው አምና በጥቅምት ነው። ለቅሶው ላይ ሰው ሞልቶ ነበር፤ እስከ አርባው ድረስም ቤታችን ሰው አልተለየውም። ከዚያ ሁሉም ወደየኑሮው ተመለሰ፤ አይፈረድበትም። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ጠዋት መነሳት ከበደኝ። ክፍል ገብቼ ስለ ሴል ክፍፍል እያስረዳሁ መሃል ላይ የምለው ይጠፋብኛል። ማታ ከሥራ ስወጣ ሁለት መለኪያ አረቄ ሳልቀምስ ቤት አልገባም። ሁለቱ ሦስት ሆነ። ባለቤቴ ስትጠይቀኝ «ለብርዱ ነው» እላታለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ይቺ ሰበብ ሁልጊዜ ትሠራለች።

ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ድምፄን በስልክ ሰምታ ብቻ ነገሩ ገባት። «ሐኪም ጋ ሂድ» አለችኝ። «ምንም አልሆንኩም» አልኳት። ስትለምነኝ ቆይታ እምቢ ስላት በሰው አንድ ብልቃጥ ላከችልኝ። ሐኪም ያዘዘው አይደለም፤ እዚያ አገር ማንም ከመደርደሪያ አንስቶ የሚገዛው ነው። ፊቱ ላይ ቢጫ አበባ ተስሎበታል፤ «ናቹራል» የሚል ቃል በደማቁ ተጽፎበታል። ማታ ማታ ሁለት ፍሬ። እህቴን እንዳትወቅሱብኝ፤ ከጭንቀት ነው የላከችው፤ መጠጣቴንም አልነገርኳትም።

እውነቱን ልንገራችሁና፣ ስለ ብልቃጡ በጣም ደስ ያለኝ ለማንም መናገር ስለማያስፈልገኝ ነበር። ካርድ ማውጣት የለ፣ ወረፋ የለ፣ «ምን ሆንክ?» የሚል የለ። «ቫይታሚን ነው የምወስደው» ካልክ ማን ይጠይቅሃል?

በጥር የአንድ ባልደረባችን ሠርግ ነበር። አምሽቼ ስመጣ እረሳዋለሁ ብዬ ሁለቱን ፍሬ ውጬ ወጣሁ። እዚያ ሁለት ቢራ፣ ከዚያ ሦስት ይሁን አራት መለኪያ አረቄ ጠጣሁ። ከዚህ በፊት ከዚያ በላይ ጠጥቼ በእግሬ ቤቴ ገብቻለሁ። ያን ቀን ግን ከድንኳኑ ስወጣ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የለም። ባዶ ነው።

የቀረውን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ አንድ የባጃጅ ሹፌር መንገድ ዳር ቱቦ ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋ ሰው ያያል። አልፎት ሊሄድ ነበር። መብራቱ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ግን አወቀኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት 10ኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። «ቲቸር! ቲቸር!» ቢል አልመልስም። ተሸክሞ ባጃጁ ላይ ጫነኝና ቤቴ አደረሰኝ። ባለቤቴ ጠዋት ስነቃ አልተቆጣችም። «ትንፋሽህን ስቆጥር ነው ያደርኩት» ብቻ አለችኝ። ያቺ ቃል እስካሁን አልወጣችልኝም። ሐኪም ቤት መወሰድ እንደነበረብኝ ሁለታችንም ያወቅነው በኋላ ነው። እንዲህ ተኝቶ ስትጠሩት የማይመልስ ሰው ካያችሁ «ይተኛበት፣ ይበርድለታል» አትበሉ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ቶሎ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

በነጋታው ብልቃጡን አንስቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባውን አነበብኩ። በደቃቃ ፊደል ተጽፏል፦ እንቅልፍ ሊያመጣ ይችላል፣ መኪና አይንዱ፣ ከአልኮል ጋር አይውሰዱ፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ። እንግሊዝኛው ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ አይከብድም። እኔ እኮ ፈተና በሰጠሁ ቁጥር «መጀመሪያ ኢንስትራክሽኑን አንብቡ!» እያልኩ የምጮህ ሰው ነኝ።

ዲፕሎማ ያለኝ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን ውስጡ ያለውን ልንገራችሁ። አንደኛው ቫለሪያን የሚባል ሥር ነው፤ ለእንቅልፍ የሚወሰድ። አልኮልም አንጎልን የሚያቀዘቅዝ ነገር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ በሌላው ላይ ይደመራል፤ ሚዛን ይጠፋል፣ እንቅልፍ ይከብዳል። የእኔን ጉድ የሠራው ክኒኑ ነው ወይስ አረቄው ብሎ መለየት አይቻልም፤ ችግሩም ይኸው መደመሩ ነው። አረቄ ደግሞ ስንት በመቶ እንደሆነ የሚነግርህ የለም። መለኪያ እንለዋለን እንጂ ምንም አይለካም። በዚያ ላይ ብርዱ አለ። አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቀት የተሰማን ይመስለናል እንጂ ሰውነታችን ሙቀቱን እያጣ ነው። «ለብርዱ ነው» ያልኩት ነገር ለብርዱ አሳልፎ ሊሰጠኝ ነበር።

ሁለተኛው ሴንት ጆንስ ዎርት ነው፤ ያ ቢጫ አበባ። ይሄ ጉበታችን አንዳንድ መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ስለዚህ የወሊድ መከላከያ ክኒን፣ የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪንና አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች አቅማቸው ይቀንሳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ ኤችአይቪ መድኃኒቶቹ ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። አስቡት፤ መድኃኒቷን አንድ ቀን ሳታዛንፍ የምትወስድ ሴት «ቫይታሚን» ብላ ይህን ብትጨምርበት ሳታውቀው ሕክምናዋ ሊበላሽ ይችላል። ሦስተኛው ፋይቭ ኤችቲፒ ነው፤ ሰውነታችን ወደ ሴሮቶኒን የሚቀይረው። እንደ ፍሉኦክሰቲን ካሉ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ሴሮቶኒን ከልክ ሊያልፍ ይችላል፤ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ ሲብስም ሞት ሊያመጣ ይችላል።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ካለ እንዴት በመደርደሪያ ይሸጣል?» ትሉ ይሆናል። እዚያ አገር በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ዓይነቱ ነገር እንደ መድኃኒት ተመርምሮና ፈቃድ አግኝቶ አይደለም ገበያ የሚወጣው። እኛ ደግሞ «ከአሜሪካ መጣ» ሲባል የተፈተነ ይመስለናል።

«ተክል ነው፣ አይጎዳም» የሚለው ነገርም የእኛ የአያቶቻችን ብልሃት አይደለም። ኮሶም ተክል ነው። አያቶቻችን ግን ኮሶ ሲጠጡ መጠኑን ያውቁ ነበር፣ ለደካማና ለነፍሰ ጡር አይሰጡም ነበር። ትል የሚገድል ነገር ሰውንም ሊጎዳ እንደሚችል ገብቷቸዋል። ስሜትን የሚቀይር ነገርም አንጎል ውስጥ ገብቶ ነው የሚቀይረው፤ አረቄውም የሚገባው እዚያው ነው። እኔ በአንድ እጄ የምሠራውን በሌላው ሳፈርስ ነበር የከረምኩት። አልኮል ለሰዓታት ቀለል ያደርግሃል፤ እንቅልፍህን በጥብጦ ጠዋት ከነበርክበት ዝቅ አድርጎ ያስነሳሃል።

በሳምንቱ ባለቤቴ ይዛኝ ሐኪም ቤት ሄድን። የአእምሮ ጤና ነርሷ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስትለኝ «የለም» አልኩ። ባለቤቴ ዝም ብላ ብልቃጡን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ነርሷ አገላብጣ አነበበችውና «ይሄን ባያሳዩኝ ኖሮ ሌላ ነገር ልንጨምርበት ነበር እኮ» አለችኝ። ከዚያ ስለ አባቴ ጠየቀችኝ። ከአርባው ወዲህ ስለ እሱ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ነበረች። ሠላሳ ምናምን ዓመቴ ነው፤ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

አሁን ደህና ነኝ። አባቴ አሁንም ይናፍቀኛል፤ ለዚያ መድኃኒት የለውም። አረቄውን ግን ትቻለሁ።

የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ቤታችሁ ያለውን ብልቃጥ ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ፤ ሐኪም ወይም ፋርማሲ ስትሄዱም ይዛችሁት ሂዱ፤ የምትጠጡ ከሆነም ሳትደብቁ ተናገሩ። በእኔ ጽሑፍ ተነሥታችሁ ግን ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ሁለተኛው ለዘመድ ነው፦ ከአርባው በኋላም ብቅ በሉ።

ያ ባጃጅ ያለው ልጅ ባለፈው አገኘኝ። የብልቃጡን ነገር ሁሉ አጫወትኩትና የዚያን ቀን ሂሳቡን ልስጥህ አልኩት። ሳቀብኝ። «ቲቸር፣ ኢንስትራክሽን ሳላነብ 5 ማርክ የቀነሱብኝን ያስታውሳሉ? በቃ፣ ተካክሰናል።»

መልካም ምሽት።