«ሁሉ አማረሽ» እና የእኔ ላፕቶፕ

ሠላሳ ዓመቱን ያለፈ፣ እንጀራውን በብዕር የሚበላ ሰው ቅዳሜ ማታ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ ጠመንጃ ሲተኩስ ያመሻል ቢባል መቼም የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ፣ ግዴለም። እኔ የምተኩሰው ከታናሽ ወንድሜ ጎን ቆሜ ነው። የእሱ ኑሮ ዋሽንግተን አካባቢ፣ የእኔ አዲስ አበባ። ስልክ ስንደዋወል ከ«ደኅና ነኝ፣ እማዬስ?» የማያልፈው ልጅ፣ በጨዋታው ውስጥ አንድ በር አብረን ስንጠብቅ ግን የሥራውንም፣ የቤት ኪራዩንም፣ የብቸኝነቱንም ነገር ሳልጠይቀው ያጫውተኛል። እንግዲህ ላፕቶፔ «ስታክ» ባደረገች ቁጥር ከተኩሱ ጋር ይህም ወግ ይቋረጣል።

የምንጫወተው ካውንተር ስትራይክ የሚባለውን ነው። አምስት ለአምስት ተቧድነው የሚታኮሱበት፣ አንዱ ወገን ቦምብ ሊያጠምድ፣ ሌላው ሊያከሽፍ የሚሻማበት ጨዋታ። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የቀድሞውን በ«ካውንተር ስትራይክ 2» ሲተካ ሥዕሉ እጅግ አማረ፤ የጭስ ቦምቡ ጭስ ሳይቀር ጥይት ሲያልፍበት ይበሳል። ላፕቶፔ ግን ያችው የድሮዋ ነች። ጭሱ በተነሣ ቁጥር እሷም አብራ ትታፈን ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ የሚመስለን ሁሉ ተራ በተራ የሚሳል የቆመ ሥዕል ነው፤ እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። በሴኮንድ 60 ፍሬም እንዲወጣ ከተፈለገ ማሽኑ ለእያንዳንዱ ያለው ጊዜ 17 ሚሊሴኮንድ አይሞላም። 30 ብቻ ከቻለ 33 ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል። ብዙ ሰው የሚጠይቀው አማካዩን ቁጥር ነው። የምታስገድለው ግን ጠላት ከጥግ ብቅ ባለባት ቅጽበት የምትዘገየዋ አንዲት ፍሬም ነች።

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይላል የሀገሬ ሰው። የጨዋታው ሴቲንግ ደግሞ በእውነት ገበያ ነው፤ ጥላው፣ ነጸብራቁ፣ የግድግዳው ልስን፣ የብረቱ ዝገት ሁሉ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። ከሁሉ የሚወደደው ሪዞሉሽን ነው። 1920 በ1080 የሆነ ሥዕል 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ ወደ 1280 በ720 ሲወርድ 921,600 ብቻ ይቀራሉ። ከግማሽ በላይ ሸክም ወረደ ማለት ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዱም እንኳ፣ ማሽኑ ለደከመበት ተጫዋች የሥዕሉን መስኮት እያጠበበ እንዲጫወት ይፈቅድለት ነበር።

ይሁንና ሸክሙ የከበደው ማን ላይ እንደሆነ ሳያውቁ ማውረድ ከንቱ ድካም ነው። ሪዞሉሽን የሚያቀልለው የግራፊክስ ካርዱን ሥራ ነው። የተዋጊዎቹን እንቅስቃሴና የጥይቱን መንገድ የሚያሰላው ፕሮሰሰር ከደከመ፣ ሥዕሉን ጭቃ ቢያስመስሉትም የፍሬሙ ቁጥር ንቅንቅ አይልም። መለየቱ ቀላል ነው፤ ሪዞሉሽኑን እስከ ታች አውርዶ ቁጥሩን ማየት፤ ካልጨመረ የደከመው ፕሮሰሰሩ ነው። ቴክስቸር የሚሉት የግድግዳና የልብስ ዝርዝር ደግሞ በይበልጥ የሚበላው የካርዱን ሜሞሪ ነው፤ ሜሞሪው ከበቃው እሱን መቀነስ ውበት ያሳጣል እንጂ ያን ያህል ፍጥነት አያመጣም። ቪ-ሲንክ የተባለው ሥዕሉ ተቀዶ እንዳይታይ ያደርጋል፤ በምላሹ እጅ ያዘዘውን ስክሪኑ እስኪያሳይ ጥቂት ያዘገያል። እሱን ያለ ጸጸት አጠፋሁት።

ቆም ብዬ ያሰብኩት ጥላ ላይ ስደርስ ነው። ጥላ ማሽኑን ያደክማል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው እሱን ነው። ነገር ግን ከጥግ የተሸሸገ ሰው ከአካሉ በፊት ጥላው መሬት ላይ ይወድቃል። ወንድሜ «ጋሽዬ፣ በስተግራ ጥላ!» ብሎ ሲጮህ እኔ ባዶ መሬት ካየሁ፣ ጎን ለጎን መቆማችን ምኑ ላይ ነው? ጥላውን አስቀርቼ ነጸብራቁንና የጠርዝ ማለስለሻውን ሸጥኩ። በዚህ ላይ የላፕቶፑን ሆድ ከፍቼ ማራገቢያውን የደፈነውን የአዲስ አበባ አቧራ በብሩሽ ጠረግሁ። ማሽን ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የእኔዋም ስትቀዘቅዝ ነፍስ ዘራች። ከሴቲንጉ ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ነው።

«አዲስ ልላክልህ እንዴ?» አለኝ ወንድሜ አንድ ቀን። ስለ ኪራዩ ካጫወተኝ ወር አልሞላም። «ይቺው ትበቃኛለች» አልኩና የእሱን ሴቲንግ ጠየቅሁት። አዲስ ማሽን ይዞ እሱም ብዙውን ዝቅ አድርጎታል! ለካ በትልልቅ ውድድር ከሚቀርቡት ባለሙያዎች ብዙዎቹ፣ የፈለጉት ማሽን እያላቸው፣ በ1280 በ960 ነው የሚጫወቱት። ማየት የሚያስፈልጋቸውን አስቀድመው ያውቃሉ፤ የቀረውን ለፍጥነት ይለውጡታል። ድሀ በግዱ የሚያደርገውን እነሱ በምርጫ ያደርጉታል፤ እኔም ከዚያ ወዲህ በላፕቶፔ ማፈሬን ተውኩ።

አንድ ነገር ግን የትኛውም ሴቲንግ አይነካውም። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በኢንተርኔቱ የመስታወት ገመድ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ 115 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል፤ እውነተኛው ገመድ ደግሞ ባሕርና አህጉር እየዞረ ነው የሚሄደው። በሴኮንድ 60 ፍሬም ለሚያይ ሰው ይህ ሰባት ፍሬም ያህል ነው። ሰርቨሩ አሜሪካ ሲሆን ወንድሜ ገና ሲያነጣጥር እኔ ሞቼ አድራለሁ።

ስለዚህ አሁን አሁን የምንመርጠው አውሮፓ ያለ ሰርቨር ነው። ለእሱ ከለመደው ይዘገይበታል፤ ለእኔ ይፈጥንልኛል። ርቀቱን መቀነስ ባይሆንልን ተካፈልነው።