የማይሸሽ አውሬ

በጅዳ ከተማ በአንድ ቤት ሹፌርነት የሚያገለግል የወሎ ተወላጅ ወጣት ከአባቱ ዘንድ መልእክት ደረሰው። እኒህ አባት በጐልማስነታቸው አዳኝ የነበሩ፣ ስንት ሚዳቋ የጣሉ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ግን ዓይናቸው በሞራ እየተጋረደ ሄዶአል። «በመካ ዙሪያ አውሬ አይታደንም ብለው ጎረቤቶቻችን ያወሩኛል። እውነት እንደ ሆነ፣ ብርሃኔ ሳይጠፋ የማይሸሽ አውሬ ፎቶግራፍ ላክልኝ» አሉት።

ነገሩ እውነት ነው። ሐረም የሚባለው የመካ ክልል ወሰኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ አውሬን መግደል ይቅርና ካረፈበት አስነሥቶ ማባረር እንኳ በእስልምና ሕግ ክልክል ነው። እሾኹም አይቈረጥም፤ ለቤትና ለአንጥረኛ የሚያገለግለው እዝኺር የተባለው ሣር ብቻ ተፈቅዶአል። በገዳም ደን ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም።

ይሁን እንጂ ከተማው ስለ ሰፋ ዛሬ በዚያ ለተሳላሚ የሚታየው ርግብ ነው። ሳላና ሚዳቋ የሚሻ ከጣይፍ ሰሜን ምሥራቅ ወዳለው፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር ካሬ በላይ ወደሚሆነው ወደ ማሐዛት አስ ሰይድ ይሄዳል። የዐረብ ሳላ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ከዱር ጠፍቶ ነበርና፣ በሰው እጅ ከተራቡት ወገን በ1990 በዚህ አጥር ውስጥ ተለቀቁ። ወጣቱ ግን የነበረው አንድ ዓርብ ብቻ ነው፤ የመግቢያ ፈቃድም አልነበረው።

ክርስቲያን ስለ ሆነ ወደ መካ መግባት አይችልም። ስለዚህ ሙስሊም የሆነውን የአገሩን ልጅ «ርግቦቹን አንተ አንሣልኝ» ብሎ ለምኖት፣ እርሱ መንገዱ ከሚከፈልበት ላይ በዙሪያው አድርጎ ወደ ሀዳ ተራራ ወጣ። በጠመዝማዛው ዳገት ጥግ ዝንጀሮዎች ተሰልፈው ከአላፊ አግዳሚ ምግብ ይጠብቃሉ። አውራው ነጭ ጋማውን እንደ ካባ ደርቦ ግንብ ላይ ተቀምጦአል፤ በአዋሽ በረሓ ከሚኖረው ጋር አንድ ዘር ነው። ወጣቱ በስልኩ ደጋግሞ አነሣው።

ማታ ሁለቱ ባልንጀሮች ፎቶግራፎቹን ልከው ደወሉ። አባት አስቀድመው ዝንጀሮውን አይተው ሣቁ። «ልጄ፣ ይህንማ ዕድሜዬን ሙሉ ከማሽላዬ ላይ በወንጭፍ ሳባርር ኖርሁ! ባሕር ተሻግረህ ዝንጀሮ?»

ርግቧን ግን ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቈዩ።

«ስታነሣት አልበረረችም?»

«አልበረረችም አባባ» አለ የአገሩ ልጅ፤ «በእግሬ ሥር ነው ያለፈችው።»